በዓል የማያከብር ጣሳ

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ሰባ ስድስት ሰንጠረዥ። አሥራ ዘጠኝ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ (አንድ ጣሳ፣ አንድ ለካይ ማለት ነው)፣ ለእያንዳንዱ አራት አራት ወር። ሁሉም በቴሌግራም ደርሰውኛል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱ እንኳ ግን በአንድ አፍ አይሉትም።

የላክነው ቅጽ ግልጽ ነበር። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ኮለም፣ ከ1 እስከ 30። (በመጽሐፍ ዓምድ ይባላል። በላሊበላ ግን «ዓምድ» ካልሁ ሰው ወደ ውቅር ቤተ ክርስቲያኖቹ ዞሮ ያያል። ስለዚህ ኮለም።) የመጣልኝ ይኸው፦

የፍላቂቱ፦ «ቀን1»፣ «ቀን2» እያለ እስከ «ቀን9»። ከዚያ በድንገት «አስር»፣ «አስራ አንድ»። ዘጠኝ ላይ ምን እንደደረሰበት አላውቅም።

የብልባላው፦ «ገበያ»፣ «የገበያ ማግስት»፣ «ሦስተኛው ቀን»... ከዚያ እንደገና «ገበያ»።

የመንገድ ዳሩ ሐጂ፦ «ሰኞ»፣ «ማክሰኞ»፣ እስከ «ጁምዓ»፤ በአንድ ወር ውስጥ አራት ጁምዓ። ኮምፒዩተሩ ሁለተኛውን ጁምዓ ሲያይ ግራ ተጋብቶ ከጎኑ ነጥብና ቁጥር ለጥፎበታል።

የጥድበሩ መሪጌታ ጽጌ፦ «ልደታ»፣ «ታዴዎስ»፣ «በአታ»፣ «ዮሐንስ»።

በመጨረሻው ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ከሁሉም ግልጹ እሱ ነው። እዚህ አገር በሬው መቼ ሞተ ብትል «በ13» የሚልህ ሰው የለም። «በሚካኤል ማግስት» ነው የሚልህ።

የሚያጣድፈኝ ዘር የሚያድለው የወልድያው ኮሚቴ ነው። የበልግ ገብስ ከተዘራ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን በተከታታይ ዝናብ ያልነካው ቀበሌ እንደገና የሚዘራው፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይሰጠዋል። አሥራ አንድ ቀን የሆነበት አይሰጠውም። የአሥራ አንድ ቀን ቡቃያ ምን ተስፋ እንዳለው ኮሚቴውን የጠየቀ የለም። ሰንጠረዡን ሰኞ እስከ ስድስት ሰዓት ማስረከብ አለብኝ።

የምጽፍበት ፕሮግራም ስሙ «አር» ነው። አንድ የፈረንጅ ፊደል። ስም ማውጣት የሰለቸው ሰው የሠራው ይመስለኛል። ዛሬ እኔም ሰለቸኝና፦ የነበረውን ስም ሁሉ ጣል፣ ከግራ ጀምረህ በተርታ ቁጥር ስጥ አልሁት። ሰባ ስድስቱን ሰንጠረዥ ምራቅ ሳልውጥ ሰይሞ ጨረሰ። አንድም ስሕተት አላለም።

በዝምታው ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሄድሁ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ውጤቱ ወጣ። አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ የደረቁ፦ ስድስት ቀበሌዎች። ጥድበር፦ ሰባት ቀን። ዘር የለም።

ከሰዓት በኋላ የጥድበር የልማት ሠራተኛ፣ ሙሉ የምትባለው፣ ፎቶ ላከች። ማሳው የተላጨ ራስ ይመስላል። «እባክሽ እኛን እንዳትረሺን። ሰዉ ዓይን ዓይኔን ያየኛል» ይላል ከሥሩ።

ሰንጠረዡን ከፍቼ አየሁት። የጥድበር መጋቢት በ16 አልቋል። ሙሉ ሰንጠረዡን የላከችልኝ ግን በ23 ነው። ሰባት ቀን የት ገባ?

የመጀመሪያውን ፋይል፣ ቅዱሳኑ ያሉበትን፣ መልሼ ከፈትሁ። ልደታ አለች። ታዴዎስ፣ በአታ፣ ዮሐንስ አሉ። አቦ የለም። ሚካኤል የለም። ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም የሉም። እሑዶቹም የሉም። መሪጌታ በበዓልና በእሑድ አይለኩም። ስላልለኩ ኮለም አላበጁም። እኔ ደግሞ የቀሩትን አሥራ ስድስቱን አጠጋግቼ ከ1 እስከ 16 ጠራኋቸው። ሃያ ሁለተኛው ቀን አሥራ አምስተኛ ሆነ። ከሰማይ ሰባት ቀን ወሰድሁ፣ አር ምንም አላለም። ምን ይበል? የታዘዘውን ነው ያደረገው።

በተርታ መሰየም ማለት ሰውን በተቀመጠበት ወንበር መጥራት ነው። አንዱ ቀርቶ ከሆነ ሌላው በእሱ ስም አቤት ይላል።

ለሰይድ ነገርሁት። ሰይድ ጣቢያዎቹን በሞተር የሚዞረው ባልደረባዬ ነው፤ ጠረጴዛው ከእኔ ትይዩ ነው።

«ጣሳውን በበዓል የማይነካ ሰው ለዝናብ ቀጥራችሁ» አለ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። «እኛን ብትጠይቁን እኮ ከጁምዓ ሶላት ሰዓት በቀር እንለካ ነበር።»

«የሐጂውን ሰንጠረዥ አይተኸዋል?»

«እሱን ተይው። እሱ አጎቴ ነው።»


ዓርብ፣ መጋቢት 26

ዛሬ በስም። የሠላሳውን ቀን ቅዱሳን ዝርዝር ጻፍሁ፤ ከየቁጥራቸው ጋር አጋባሁ፤ አርን እያንዳንዱን በስሙ ፈልግ አልሁት። ለገበያዎቹና ለጁምዓዎቹም እንዲሁ። ይህ አሠራር ይነጫነጫል። «በአታ» እና «ባታ» አንድ ናቸው ብዬ እስክነግረው ቆመብኝ። ኮለም በጠፋበት ቦታ ሁሉ ቆመብኝ። ከረቡዕ ይልቅ ወደድሁት።

ያልተለካበትን ቀን ባዶ ትተህ አስገባ አልሁ። ውጤት፦ ጥድበር ሁለት ቀን።

ሁለት። ትናንት ሰባት የነበረው ባስተካከልሁት ቁጥር ወደ ሁለት ወረደ። ኮዱ ባዶ ቀን ሲያገኝ ምን እንደነበረ አላውቅም ብሎ ቆጠራውን ያቋርጣል፤ መሪጌታ ደግሞ በየሁለትና ሦስት ቀኑ በዓል አላቸው። በዚህ ቆጠራ የጥድበር ሰው ሁሉ ቢጠወልግም አሥራ ሁለት አይሞላም።

የወልድያ አለቃዬ አቶ ደምሴ ደወሉ።

«ቁጥሩን ብቻ ላኪልኝ። ታሪኩን ለራስሽ ያዢው።»

«አንድ ጣቢያ ይቀረኛል።»

«ስንት ነው አሁን ያለው?»

«ሰባትም ሁለትም ነው።»

«ሰኞ አንድ ይሁን» አሉና ዘጉት።

መሪጌታ ስልካቸው አይነሣም። ነገ የመድኃኔ ዓለም ነው፣ ትልቁ። ሰው ሁሉ ወደ ላሊበላ ሲመጣ እኛ ከሰይድ ጋር ወደ ጥድበር እንወጣለን። ቤታቸው የሚገኙት በበዓል ነው።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

ሙጃ ድረስ መንገድ፣ ከዚያ የመንገድ ምኞት። የመጨረሻውን ዳገት ሞተሩን እየገፋን ወጣን። ሰይድ «ለዚህ ነው ዝናቡም የማይመጣው» አለ።

መሪጌታ ከቅዳሴ ወጥተው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሰባ የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ ለመቆጣት የማይቸኩሉ ሰው። ጣሳው በግቢው መካከል በእንጨት ላይ ቆሟል፤ ዙሪያውን እሾህ አጥረውለታል። በኅዳር ፍየል ገፍታ ደፍታው ነበር አሉ።

እስክሪብቶ ሳወጣ እጄን አየት አደረጉ። መለስሁት። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከአእምሮዬ ነው።

«ማውራት ሥራ አይደለም» አሉ። «ጠይቂ።»

«መለካት ግን ሥራ ነው እንዴ፣ መሪጌታ? ስንጥር ነክሮ ማየት?»

«ሥራ ካልሆነማ አንቺ ለምን ሰው ቀጠርሽበት?»

ሰይድ ሳቁን በጉሮሮው ያዘ።

ያልተለካው ቀን ቆጠራውን እንደሚያቋርጥ፣ አሥራ ሁለት ካልሞላ ዘር እንደማይመጣ ነገርኋቸው። አንገታቸውን አዘንብለው ሰሙኝ።

«እኔ በዓል አከብራለሁ እንጂ ጣሳው አያከብርም» አሉ። «አፉ ጠባብ ነው፤ የወረደበትን ይዞ ይጠብቀኛል። በማግስቱ ስከፍተው የሁለቱን ቀን አንድ ላይ አገኘዋለሁ። በማግስቱ ባዶ ከሆነ ሁለቱም ቀን ባዶ ነበር። ይኼን ኮምፒዩተርሽ አያውቅም?»

«አልነገርሁትም።»

«ንገሪዋ።»

ይህን ያህል ቀላል ነበር። ከበዓሉ ቀጥሎ ዜሮ ካለ በዓሉም ዜሮ ነው። ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ እሑዱ፣ ሁሉም በማግስታቸው ዜሮ አላቸው። በጣቴ ቆጠርሁ። መጨረሻ ዝናብ የተነበበው በ9 ነው። ከ10 እስከ 20 ደረቅ። አሥራ አንድ ቀን። የቀረችው 21፣ ማርያም ናት፤ እሑድም ነበረች። በማግስቷ ግን ዜሮ የለም፤ ሦስት ሚሊ ሜትር አለ። ያ ዝናብ የማርያም ከሆነ አሥራ አንድ ላይ ቆምን። የሰኞ ከሆነ አሥራ ሁለት።

እዚህ ላይ ያደረግሁት አያኮራኝም። ልክ ጠበቃ ምስክሩን እንደሚመራው፦ «የሰኞው ሦስት ሚሊ፣ ንጋት ላይ ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ አይደል?» አልሁ።

መሪጌታ አዩኝ።

«አይደለም። በማርያም ዕለት ነው የወረደው። ከቀትር በኋላ ዐሥር ሰዓት ግድም፣ ማኅበር ተቀምጠን ሳለን። ተሻምተን ገባን። ከሰዓቱ ዘግይቶ መጣ፣ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ማኅበርተኛው ሁሉ ያውቃል።»

«የእርስዎም ማሳ አለበት እኮ።»

«አለበት።»

ከዚህ በላይ አላሉም። ንፍሮ ቀረበ። ሰይድ በደንብ በላ፤ «ጾማችሁ ላይ ሥጋ ስለሌለ ይስማማናል» አላቸው። መሪጌታ «ታዲያ ሁልጊዜ በጾም ና» አሉት።

ስንወርድ፣ ሙጃ ስንደርስ ሰይድ፦ «ንጋት ላይ ነው ቢሉሽ ምን ይጎዳቸው ነበር?» አለ።




እሑድ፣ መጋቢት 28

ቤት። አልተንቀሳቀስሁም።

ዘር የሚገባቸው ስድስት፣ የማይገባቸው አሥራ ሦስት። ከአሥራ ሦስቱ አንዱ በአንዲት ቀን የጎደለ ነው።

21 ላይ ዜሮ ብጽፍ ማንም አያውቅም። አንድ ቁልፍ ነው። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነገርሁት፤ ከመጻፉ ይልቅ መናገሩ ቀላል ሆነ። የከለከለኝ ሕሊና ነው ብል ግማሹ ውሸት ነው። ሌላው ግማሽ፣ እኒያ ሰው የራሳቸውን ማሳ በራሳቸው አፍ ካስቀሩ በኋላ እኔ ከኋላቸው ዞሬ ባስተካክልላቸው ነውር ይመስላል። እሳቸው ይቅር ቢሉኝ እንኳ እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ልደውልላቸው አልችልም።

ሙሉ ዳግመኛ ጻፈች። «ምን ሆነ?» ያላነበብሁት እንዲመስል ስልኩን ገለበጥሁት።

አሥራ አንድ ብዬ ጻፍሁ። አልላክሁም።


ሰኞ፣ መጋቢት 29

ጠዋት በሁለት ሰዓት ለመሪጌታ ደወልሁ። ነገሩን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ።

«መሪጌታ፣ አሥራ አንድ ሆነ። በአንድ ቀን ጎደለ።»

እሳቸው፦

«ማርያምን ምን ብለሽ ጻፍሻት?»

«ዝናብ።»

«ማን ለክቶ?»

«እርስዎ ነዎት በማርያም ዕለት ዘነበ ያሉኝ።»

«ዘነበ አልሁ። ለካሁ አላልሁም። የምለካው ጠዋት በሦስት ሰዓት አይደለም? ቅጽሽ ላይ እንደዚያ ይላል።»

«ይላል።»

«ማርያም ጠዋት በሦስት ሰዓት ጣሳው ምን ነበረው?»

«ባዶ» አልሁ።

«ባዶ። ዝናቡ የመጣው በዐሥር ሰዓት ነው። በዐሥር ሰዓት የወረደውን ማን አገኘው? የሰኞ ጠዋት። ሰኞ ላይ ጻፍሁልሽ። አንቺ ከሰኞ አንሥተሽ ወደ ማርያም ለምን ትመልሻለሽ?»

«ገባኝ።»

«ባሕረ ሐሳብ ብታስተምሪ ተማሪሽ ፋሲካን በዓርብ ያውል ነበር» አሉና ሳቁ፤ መጀመሪያ ሲስቁ የሰማኋቸው ነው።

«ታዲያ ቅዳሜ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ወረደ ነው ያልሽኝ። መቼ እንደወረደ ነገርሁሽ።»

ደስ ያለኝን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ልማዴ ነው። ሌሎቹን አሥራ ስምንት ጣቢያዎች አየሁ፤ ሁሉም የሚያነቡት ጠዋት ነው። በማንኛቸውም ላይ የማታ ዝናብ በማግስቱ ኮለም ነው የተጻፈው። ስለዚህ ለጥድበር የተለየ ሕግ አልጠየቅሁም፤ እንዲያውም ለጥድበር ብቻ የተለየ ሕግ አውጥቼ የነበርሁት ትናንት ነው። የሙጃውን ጎረቤት ጣቢያ አየሁ፦ ማርያም ጠዋት ዜሮ፣ ሰኞ ጠዋት አራት ሚሊ። ያው ዝናብ ነው። ከ10 እስከ 21፣ አሥራ ሁለት።

ጥፋቱ ከየት እንደመጣ አሁን አየሁት። ኮለሙን «21» ብዬ ጠራሁት፤ ስለዚህ ሙሉውን ቀን የያዘ መሰለኝ። የያዘው ግን የአንድ ጠዋት እይታ ነው። ሰባ ስድስቱን ሰንጠረዥ እንደገና ሰየምሁ፦ «1 ጠዋት»፣ «2 ጠዋት»... በስድስት ቀን ውስጥ ሦስተኛ ስማቸው ነው። በየጎናቸው አንድ ኮለም ጨመርሁ፦ «ተለክቷል» ወይም «ከማግስቱ የታወቀ»። ለማርያም «ምስክር» ብዬ ጻፍሁ።

ይህን ሳደርግ ሌላ ነገር አየሁ። ሦስት ጣቢያዎች እሑድ እሑድን ሁሉ ሞልተው ልከዋል። ሁሉም እሑድ ዜሮ ነው። ሰኞ ሰኞ ግን ዝናብ ይበዛል። ሰማዩ እሑድን የሚያከብረው በእነዚህ በሦስቱ ቀበሌዎች ላይ ብቻ ነው። ምንም አልነካሁም። ለጊዜው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከአጭር ማስታወሻ ጋር ላክሁ። አቶ ደምሴ ወዲያው ደወሉ።

«ይኼ ማስታወሻ ምንድን ነው? ቁጥር ብቻ ነበር ያልሁሽ።»

«አሥራ ሁለቱ ቁጥር ነው። ግን አንዷ በጣሳ ሳይሆን በሰው ቃል የተሞላች ናት። ኮሚቴው ይወቅ።»

«ኮሚቴ ማብራሪያ ሲያይ ይጠራጠራል። ይኼን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«አንሥቼው ልላክ?»

እውነቱን ልጻፍ፤ «አንሡት» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ይቆይ» አልሁ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ጥሪ የለም። ኔትወርክ መጣ፣ ሄደ።

ለሙሉ «ገና ነው» ብዬ ጻፍሁ። ውሸት አይደለም።

ሰይድ ማስታወሻውን አነበበውና፦ «ወላሂ እታለም፣ አንቺ ሰው ከገደል ጫፍ ጎትተሽ አውጥተሽ ጫፉ እዚያ ነው ብለሽ የምታሳዪ ሰው ነሽ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ይህን ሳመላልስ ዋልሁ።

በዘጠኝ ሰዓት አቶ ደምሴ ደወሉ። ከስብሰባው ወጥተው ነው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

«በዓል ነው ብሎ የማይለካ ጣቢያ እንዴት ይታመናል እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?»

ያልተዘጋጀሁበት መልስ ወጣ። «አልለካሁም ያለ ሰው ነው፤ ሳይለካ ዜሮ ያልጻፈ። ዝናቡም የወረደው በማርያም ነው ሲል በራሱ ላይ የመሰከረ መስሎት ነበር—ወይም እኔ መስሎኝ ነበር። እሑድን ሁሉ ዜሮ ሞልተው የላኩ ጣቢያዎች አሉ። እነሱን ማንም አልጠየቀም።»

«ስንት ጣቢያ?»

«ሦስት።»

«ከስድስቱ ውስጥ ናቸው?»

«አንዱ።»

«እሱን ለኮሚቴው አልነግርም» አሉ። ከዚያ፦ «ዛሬ» አሉ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የተሰማኝ። አንዱን ቀበሌ ለማስገባት ሌላውን በር ላይ አቁሜ መጣሁ። የዚያኛው ቡቃያም ደርቆ ይሆናል። ለካዩ ሰነፍ ነው ማለት ሰማዩ ለጋስ ነበር ማለት አይደለም። ሰይድን ነገ ወደዚያ እንዲሄድ ጠየቅሁት፤ ሰዎቹን እንዲጠይቅልኝ፣ ከኮሚቴው በፊት። «የእሑዱን ልጠይቅ?» አለኝ። «የእሑዱን» አልሁት። «በሥራ ቀን መሄዴ ጥሩ ነው እንግዲህ» አለ።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

ዝርዝሩ መጣ። ሰባት ቀበሌ። ጥድበር ሰባተኛዋ ናት። ከጎኗ በእስክሪብቶ «በማብራሪያው መሠረት» ተብሎ ተጽፏል። ኮሚቴው ውስጥ ማብራሪያ የሚያነብ አንድ ሰው እንዳለ አላሰብሁም ነበር።

ሰይድም ከዚያኛው ቀበሌ ደወለ። ለካዩ እሑድ እሑድ እንደማይለካ ሳይደብቅ ነግሮታል፤ «ባዶ ስንተው ትቆጣላችሁ ብዬ ነው ዜሮ የሞላሁት» ብሎ። እውነቱን ነው፤ ቅጻችን ላይ «ባዶ አይተው» ይላል። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ማሳውን ግን ሰይድ አይቶታል፤ ደርቋል። የእሑዶቹን ዜሮ አውጥቼ ከማግስታቸው ቆጠርሁ፤ ከአሥራ ሁለት አልወረደም። ምን ያህል እንደፈራሁ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

መኪናው ነገ ይጭናል። ለሙሉ ጻፍሁላት፤ ሦስት መስመር መለሰች፣ አንድም ቃል አልነበረበትም፤ እጅ የሚያጨበጭብ ሥዕል ብቻ።

ለመሪጌታ ደወልሁ። «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ፤ በደስታ አልጮኹም። ከዚያ፦ «ዘሩ መጣ፤ ሌላኛውስ?»

«የትኛው ሌላኛው?»

«የሚያበቅለው።»

የሚያዝያን ሰንጠረዥ ከፈትሁ። አሥራ ዘጠኝ ጣቢያ፣ ሠላሳ ሠላሳ ኮለም፣ ሁሉም ትክክለኛ ስማቸውን ይዘዋል። ከጥድበር የመጣውን የዛሬን ጠዋት አስገባሁ፦ ዜሮ። የቀሩት ሃያ ዘጠኙ ተከፍተው ይጠብቃሉ። ስማቸውን ሦስት ጊዜ ቀይሬአለሁ፤ ውስጣቸውን መሙላት ግን ከእኔም ከአርም ሥራ ውጭ ነው።

ወደ ደጅ ወጥቼ ወደ ሙጃ በኩል አየሁ። ደመና አለ። ትንሽ ነው። ደመና የሚጻፍበት ኮለም የለኝም።